ሲላንት የገባበት የመኪና ኤሲ፦ ምኑ ይታጠባል፣ ምኑ ይጣላል

ኤሲው አልቀዘቅዝ ያለ መኪና ሲመጣልኝ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከመሰካቴ በፊት ባለቤቱን «ከዚህ በፊት ጋዝ ሲሞላ ከጋዙ ጋር ሌላ ነገር ገብቶበት ያውቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ትንሽ አሰብ ያደርጉና «አዎ፣ ሊኬጁን ይደፍናል ተብሎ አንዲት ጣሳ ተጨምሮበታል» ይላሉ። ሲላንት የምንለው ይህንኑ ቀዳዳ መድፈኛ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ የምሰካው ማሽን ይለያል፣ የሚለወጠው ዕቃ ይበዛል፣ ከባለቤቱ ጋር የምንነጋገረው ዋጋም ሌላ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ጉዳይ አለ። ውስጥ ገብቶ የጠጠረ ሲላንት በየትኛውም እጥበት አይወጣም። የኤሲ ማጠቢያ ኬሚካል ዘይትን ያሟሟል፣ ገና ያልጠጠረ ሲላንትንም በከፊል ያወጣል፤ የጠጠረውን ግን አይነካውም። ስለዚህ የዚህ ጥገና ዋናው ክፍል የትኛው ዕቃ እንደሚታመንና የትኛው እንደሚጣል መለየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቆሻሻው ወደ ራሳችን ማሽን፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ደንበኛ መኪና እንዳይሻገር መጠበቅ ነው።

ሲላንቱ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

በገበያ ላይ ያለው ሲላንት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጎማ የሚያሳብጥ ነው። የደረቁ ኦሪንጎችን (የመጋጠሚያ የጎማ ቀለበቶችን) ያለሰልሳል፣ ያወፍራል፣ በዚህም ትንሹን ክፍተት ይዘጋል። ጉዳቱ ቀለል ያለ ቢሆንም ጤነኛውን ጎማም አብሮ ያሳብጣል፤ ከኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ክፍል) ዘይት ጋር ሲቀላቀልም የዘይቱን ውፍረት ይለውጣል።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ይህኛው ከዘይቱና ከጋዙ ጋር እየዞረ በቀዳዳው ሲወጣ ከውጭ አየር እርጥበት ጋር ይገናኝና ይጠጥራል። እርጥበት ያለው ውጭ ብቻ ቢሆን ሐሳቡ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ጋዝ ሲያፈስ የቆየ፣ በደንብ ቫኪዩም ሳይደረግ (አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ሳይሳብ) በላዩ ላይ የተሞላ ኤሲ ውስጥ እርጥበት አይጠፋም። ፒኤጂ የሚባለው ዘይት ራሱ ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ድራየሩ ውስጥ ያለው ማድረቂያ ደግሞ ሥራው ውሃ ይዞ መቀመጥ ስለሆነ ሲላንቱ እዚያ ሲደርስ የሚፈልገውን ያገኛል። ከዚያ በኋላ መጥጠር የሚጀምረው ውስጥ ነው። ቀድመው የሚደፈኑት ጠባብ ቦታዎች ናቸው፦ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ወይም ኦሪፊስ ቲዩቡ (ፈሳሹ ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ)፣ የኮምፕሬሰሩ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ወንፊት፣ ስፋታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት የኮንደንሰሩ (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) መተላለፊያዎች።

ጣሳውን የጨመረው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ዋጋው ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ትንሿ ቀዳዳ እውነትም ትደፈናለች። ይሁን እንጂ ድንጋይ የመታው ኮንደንሰር ወይም ያረጀ የኮምፕሬሰር ዘንግ «ሲል» (ማሸጊያ ጎማ) በዚህ ነገር አይድንም፤ የሚተርፈው ውስጥ የቀረው ሙጫ ነው።

ከመሰካት በፊት መለየት

ኮፈኑን ክፈቱና በዓይን ጀምሩ። ከአንዳንዶቹ ጣሳዎች ጋር የሚለጠፍ ወረቀት ይመጣል፤ ኮፈኑ ሥር ወይም ራዲያተሩ አናት ላይ ተለጥፎ ታገኙት ይሆናል። ቀጥሎ የሰርቪስ ቫልቮቹን (ጋዝ የሚሞላባቸውን አፎች) ክዳን አውልቁና በባትሪ ብርሃን ውስጡን ተመልከቱ። ንጹሕ ቫልቭ ላይ ጥቂት ዘይት ብቻ ይታያል። የሚያጣብቅ፣ በጓንት ነክታችሁ ስታነሱት እንደ ክር የሚሳብ ወይም ቅርፊት የሠራ ነገር ካለ ለጥርጣሬ በቂ ነው። መጋጠሚያዎቹንም እዩ፤ ውጭ ወጥቶ የጠጠረ ሲላንት ነጣ ያለ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ቅርፊት ይሠራል። በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ የሊኬጅ መፈለጊያ ቀለም ማየት ብቻውን ሲላንት አለ አያሰኝም፤ ብዙ ጣሳዎች ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚይዙ ግን ጥያቄውን ደግሞ ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል።

ለዚሁ የተሠራ የሲላንት መመርመሪያ አለ። ከመኪናው ጋዝ ጥቂቱን በውሃ በረጠበ ጠባብ ቀዳዳ ያሳልፍና ፍሰቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይቀንስ መቆየቱን ይለካል። ፍሰቱ ከቀነሰ ሲላንት አለ። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ገደቡን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የሚይዘው በእርጥበት የሚጠጥረውን ዓይነት እንጂ ጎማ የሚያሳብጠውን አይደለም። ውስጥ ገብቶ የጠጠረውን አይነግራችሁም። ጋዙ ያለቀበት መኪና ላይም የሚለካው ነገር የለም። የጋዙን ዓይነት የሚለይ መሣሪያ ካላችሁ ተራው ከሲላንት ምርመራው በኋላ ነው፤ ያም ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ ይበላሻል።

መመርመሪያው ከሌላችሁና ታሪኩም ግልጽ ካልሆነ የተጠረጠረውን መኪና ሲላንት እንዳለበት ቁጠሩት። እኔ ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች ብቻ የለየሁት ጌጅና ቱቦ አለኝ፤ በቀይ ቴፕ ተጠቅልሏል፤ ንጹሕ መኪና ላይ አይሰካም።

በዚያ ጌጅ መጀመሪያ የምለካው ሞተሩ ሳይነሳ ነው። አር-134ኤ (በብዙ መኪናዎች ላይ ያለው የኤሲ ጋዝ) የያዘና የአካባቢውን ሙቀት የያዘ ቀዝቃዛ መኪና 25 ዲግሪ ላይ 5.6 ባር አካባቢ፣ 30 ዲግሪ ላይ 6.7 ባር አካባቢ ያሳያል። ከዚያ ጎላ ብሎ ከበለጠ አየር ወይም ሌላ ጋዝ ተቀላቅሏል። ከዚያ ካላነሰ ደግሞ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ መጠኑን ግን በዚህ ማወቅ አይቻልም። ሞተሩ ተነስቶ ኤሲው ሲበራ የዝቅተኛው ግፊት ጌጅ ወደ ቫኪዩም (ከዜሮ በታች) ከወረደና የከፍተኛው ግፊት ጌጅ ሳይነሳ ከቀረ መንገድ ላይ የተዘጋ ነገር አለ። የት እንደሆነ እጃችሁ ይነግራችኋል። ከኮንደንሰሩ ወጥቶ ወደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሞቅ ማለት አለበት። በድንገት የቀዘቀዘበት ቦታ የተዘጋበት ቦታ ነው። የድራየሩ መግቢያና መውጫም በሙቀት መለያየት የለባቸውም።

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፤ ቫልቩ ላይ የሚሠራ በረዶም ይህንኑ ምልክት ያሳያልና። እርጥበት ብቻ ያለበት ኤሲ ጥቂት ደቂቃ ጥሩ ይቀዘቅዛል፣ ያቆማል፣ አጥፍታችሁ ስታሳርፉት በረዶው ይሟሟና እንደገና ይቀዘቅዛል። ሲላንት የዘጋው ግን አሳረፋችሁትም አላሳረፋችሁትም ያው ነው። ይህን ልዩነት ሳያይ ኮንደንሰር ያስለወጠ ሰው ባለቤቱን ያለጥፋቱ ያስከፍለዋል።

ጋዙን ማውጣት

ሲላንት ያለበትን ጋዝ አውጥቶ፣ አጣርቶ መልሶ ወደሚሞላው ትልቁ ማሽን አታስገቡ። የማሽኑ ውስጥ ቫልቮች ጠባብ ናቸው፤ ሲላንቱ እዚያው ይጠጥራል፤ ብዙ አምራቾችም በሲላንት ለተበላሸ ማሽን ዋስትና አይሰጡም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ንጹሕ መኪና ይዞ ሲመጣ ከዚያው ማሽን የሚሞላለት ጋዝ ነው።

የሚያስፈልገው ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ቀላል የጋዝ መሳቢያ፣ የራሱ ቱቦ፣ የራሱ ሲሊንደርና ከመሳቢያው በፊት የሚገባ ሲላንት የሚይዝ ማጣሪያ ነው። ሲሊንደሩን አስቀድማችሁ ቫኪዩም አድርጉት፤ ከችሎታው 80 በመቶ በላይ አትሙሉት፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። «የተበከለ፣ ለመኪና የማይሞላ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ጋዙ የሚሄደው እንደ አዲስ ወደሚያጣራ ወይም ወደሚያስወግድ ድርጅት ነው። ይህ መሣሪያ ከሌላችሁ መኪናውን መሣሪያው ወዳለው ሰው ላኩት።

ቱቦ ነቅሎ ወደ አየር መልቀቅ ከቶ አይታሰብ። አንድ ኪሎ አር-134ኤ በ100 ዓመት ስሌት ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ምድርን ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል (የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) የተሻሻለውም እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ ነው። በየቀኑ በእጃችን የሚያልፈው ጋዝ ስለሆነ ከማንም በላይ ልንጠነቀቅ የሚገባን እኛ ነን።

መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ አር-134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው፤ ዓይን ላይ ቢፈነጠቅ ያሳውራል። ጋዝ ባለበት ክፍል እሳት አይነሳ፤ ጋዙ በነበልባል ሲበሰብስ መርዛማ አሲድ ይሆናል። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ያለው አር-1234ዋይኤፍ በተወሰነ ደረጃ የሚቀጣጠል ስለሆነ ለእርሱ የተሠራ መሳቢያና አየር የሚንሸራሸርበት ቦታ ይፈልጋል።

ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪናን ለብቻ ልጥቀስ። ኮምፕሬሰራቸው ውስጥ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ሞተር አለ፤ ዘይታቸውም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት ነው። ተራው ፒኤጂ ወይም የሲላንት ኬሚካል ሲቀላቀልበት መከላከያው ይዳከማል። ብርቱካናማ ገመድ ያያችሁበትን መኪና ከፍተኛው ቮልቴጅ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ሳይቋረጥና የተባለው ጊዜ ሳያልፍ አትንኩት፤ ሥልጠናው ከሌላችሁም ለሠለጠነ ሰው አሳልፉት።

ፈትቶ ማየትና መወሰን

እኔ የምጀምረው ከኤክስፓንሽን ቫልቩ ወይም ከኦሪፊስ ቲዩቡ ነው። ማስረጃው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ወንፊቱ ላይ ጄል የመሰለ ነገር፣ ስስ ላስቲክ የመሰለ ሽፋን ወይም ቢጫ ፍርፋሪ ካያችሁ ነገሩ ተረጋግጧል። ጥቁር ዝቃጭና የብረት ብናኝ ካለ ደግሞ ኮምፕሬሰሩም ራሱን መብላት ጀምሯል። ለባለቤቱ በፎቶ አሳዩት። ቫልቩ ላይ የተለጠፈውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ለምን ይህን ያህል ዕቃ እንደሚለወጥ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ኮምፕሬሰሩን አውርዳችሁ ዘይቱን መስመር ባለው መስታወት ገልብጡት፤ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ጻፉ። ዘንጉን በእጅ አዙሩት፤ ቆርቆር የሚል ወይም የሚይዝ ነገር ካለ ይሰማችኋል። ከኋላው ያለውን መቆጣጠሪያ ቫልቭ አውጡና ወንፊቱን እዩ። የፈታችሁትን ቀዳዳ ሁሉ ወዲያው በክዳን ድፈኑ። በሌላ ጥገና ላይ ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ግዴታ ነው፤ በተከፈተው አፍ የሚገባው የአየር እርጥበት ያልጠጠረውን ሲላንት ማጠጠሩን ይቀጥላል። የሚታጠበውን ዕቃ በተፈታበት ቀን እጠቡት፤ ክፍት ሆኖ አይደር።

ድራየሩ ያለ ክርክር ይጣላል። ኤክስፓንሽን ቫልቩ ወይም ኦሪፊስ ቲዩቡም እንዲሁ።

ኮንደንሰሩ ይጣላል። ብዙ ሰው የሚከራከረኝ እዚህ ላይ ነው፤ «አጥበነዋል፣ ንጹሕ ፈሳሽ ወጥቶለታል» ይላሉ። የዛሬ ኮንደንሰር ጎን ለጎን የተደረደሩ ብዙ ጠፍጣፋ ቱቦዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉ። ማጠቢያው ውሃ ክፍት ቦይ መርጦ እንደሚሄድ ሁሉ ባልተዘጉት ያልፋል፣ የተዘጉት እንደተዘጉ ይቀራሉ። የወጣው ፈሳሽ የሚመሰክረው ክፍት ስለነበሩት ብቻ ነው። በከፊል የተዘጋ ኮንደንሰር ቀዝቀዝ ባለ ቀን ይሠራል፤ ሙቀት ሲጨምር ግን ግፊቱ ይወጣና አዲሱን ኮምፕሬሰር ያደክማል። በብዙ መኪናዎች ላይ ድራየሩ ከኮንደንሰሩ ጎን ተገጥሞ ስለሚመጣ ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ።

ኮምፕሬሰሩ፣ የሚጠጥረው ዓይነት ሲላንት ከተረጋገጠ፣ ይጣላል። መቆጣጠሪያ ቫልቩን ብቻ ለውጦ መሞከር ያጓጓል፤ እኔ አልቀበለውም። ኮምፕሬሰር ታጥቦ የሚጸዳ ዕቃ አይደለም፤ ውስጡ ያሉት ስስ የሳህን ቫልቮች ላይ የተለጠፈውን ማየት አይቻልም። በተቃራኒው ኮምፕሬሰሩን ብቻ ለውጡልኝ የሚል ባለቤትም ይመጣል። ሲላንቱ ሌላው ዕቃ ውስጥ እያለ አዲስ ኮምፕሬሰር መግጠም አዲሱን ለዚያው ችግር መዳረግ ነው፤ ሻጮችም እንዲህ ለተበላሸ ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ ዋስትና አይሰጡም። ይህን በትሕትና አስረድቼ ካልተስማማን ሥራውን አልይዝም።

በጣም የሚያስጨንቀኝ ውሳኔ ኢቫፖሬተሩ (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ነው፤ እርሱን ማውጣት በብዙ መኪና ዳሽቦርድ ማውረድ ነውና። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ኤክስፓንሽን ቫልቩን ሳወጣ የመውጫው በኩልና የኢቫፖሬተሩ አፍ ንጹሕ ከሆኑ፣ ሲላንቱም በቅርብ የገባና ገና ያልጠጠረ ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ አጥበዋለሁ፤ ናይትሮጅን ሳሳልፍበትም ሳይታፈን ማለፉን አያለሁ። አፉ ላይ የጠጠረ ነገር ከታየ ግን ይወጣል። ለባለቤቱ ይህን አስቀድሜ በጽሑፍ እሰጠዋለሁ፤ ኢቫፖሬተሩ ይቅር ካለ የቀረው አደጋ ምን እንደሆነ አውቆ ይወስናል።

ቀጥ ያለ የብረት ቱቦና ጤነኛ ጎማ ቱቦ ይታጠባሉ። መሐሉ ላይ ድምፅ ማፈኛ ቆርቆሮ ያለበት ቱቦ ግን ውስጡ ስለማይታጠብ ይለወጣል። የግፊት ሴንሰሩን አትርሱት፤ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ከተደፈነ ለኮምፒዩተሩ የውሸት ግፊት ይነግረዋል። የሰርቪስ ቫልቮቹ መርፌዎችም ይለወጣሉ።

ጎማ የሚያሳብጠው ዓይነት ብቻ እንደገባ ጣሳው ተገኝቶ ከተረጋገጠ ነገሩ ይቀልላል። ዘይቱ፣ ኦሪንጎቹና ድራየሩ ይለወጣሉ፣ ቱቦዎቹ ይታጠባሉ፣ ኮምፕሬሰሩና ኮንደንሰሩ ጤነኛ ከሆኑ ይቀጥላሉ።

እጥበት

ማጠቢያው ለኤሲ የተሠራ፣ ተኖ ሲያልቅ ቅሪት የማይተው መሆን አለበት። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ የፍሬን ማጽጃ አይሆኑም፤ ጎማውን ይበላሉ ወይም ከአዲሱ ዘይት ጋር ይቀላቀላሉ። እያንዳንዱን ቱቦ ለየብቻ እጠቡ። መጀመሪያ ጋዙ ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ቀጥሎ በአቅጣጫው። ማጠቢያው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ግፉት። የሚወጣውን ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀበሉ፤ ጨርቁ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙ።

የምትገፉትና የምታደርቁት በደረቅ ናይትሮጅን ይሁን። የጋራዥ ኮምፕሬሰር አየር ውሃ ይዟል፤ ውሃ ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ የቀረውን ሲላንት ማጠጠሪያ ነው። የናይትሮጅን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት 150 ባርና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ያለ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) አይከፈትም። ኦክስጅን በናይትሮጅን ፋንታ ማስገባት ደግሞ ዘይት ባለበት ቱቦ ፍንዳታ ነው። ማጠቢያው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በጠረኑ እወቁ፤ ቱቦው አፍ ላይ ሽታ እስካለ ድረስ ናይትሮጅኑ ይቀጥል።

የመጀመሪያው ሊኬጅ

ሲላንቱ የገባው የሚያፈስ ነገር ስለነበረ ነው። ዕቃው ሁሉ ከተለወጠ በኋላ ያ ቀዳዳ እንዳለ ከቀረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋዙ ያልቃል፤ ባለቤቱም ሌላ ጣሳ ይገዛል።

ጋዝ ሲያፈስ ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ከማጠባችሁ በፊት ጥቁር ቅባት ያለበትን ቦታ ፈልጉ። የኮንደንሰሩ ታችኛው ክፍል፣ ድንጋይ የሚመታውና ጭቃ የሚያርፍበት፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ሲል ሲያፈስ ክላቹና ቺንጋው አካባቢ ዘይት ይረጫል። ቱቦው ከብረቱ ጋር የተጨመቀበትን ቦታ እጃችሁ ላይ እያጠፋችሁ እዩት። የሰርቪስ ቫልቭ መርፌን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ክዳኑ ውስጥ ያለችው ጎማ ከጠፋች ደግሞ የሚያፈስ መርፌ ጋዙን በሙሉ ሊጨርስ ይችላል።

አስቸጋሪው ኢቫፖሬተሩ ነው፤ አይታይም። ካልወጣ ሁለቱንም አፍ በመድፈኛ ዝጉና በናይትሮጅን ከ10 ባር ሳታሳልፉ ለብቻው ሞክሩት። ጌጁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይወርድ መቆየት አለበት። የክፍሉ ሙቀት ከቀነሰ ናይትሮጅኑም ትንሽ እንደሚወርድ አስቡ። ዕድሉ እያለ ይህን ማድረግ ጋዝ ከተሞላ በኋላ በጥርጣሬ ዳሽቦርድ ከማውረድ ያድናል።

መግጠም

ኦሪንጎቹ ሁሉ አዲስ፣ ለጋዙ የተሠሩና ልካቸው ትክክል ይሁን፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤችኤንቢአር የሚባለው ጎማ ነው። ቀለሙን አይታችሁ አትመኑ፤ አረንጓዴ ሁሉ ያው አይደለም። ስትገጥሙ በተባለው ዘይት አርጥቧቸው፤ ደርቆ የገባ ኦሪንግ ይቆረጣል። ቡሎኖቹን በተባለው ልክ አጥብቁ፤ የአሉሚኒየም መጋጠሚያ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል።

የዘይት ስሌት ላይ አትቸኩሉ። ፒኤጂ 46፣ 100 እና 150 ውፍረታቸው ይለያያል፤ መኪናው የሚፈልገውን ከመመሪያው አረጋግጡ። አዲስ ኮምፕሬሰር የሙሉውን ሥርዓት ዘይት ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ በከፊል ሊመጣም፣ ባዶውን ሊመጣም ይችላል፤ ገልብጣችሁ ለኩና መልሳችሁ የሚገባውን ያህል አስገቡ። ሌሎቹ ዕቃዎች አዲስ ወይም የታጠቡ ስለሆኑ ውስጣቸው የቀረ ዘይት የለም፤ ስለዚህ የሚገባው የሥርዓቱ ሙሉ መጠን ነው። ከበዛ ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ካነሰ ኮምፕሬሰሩን ይገድላል። በቺንጋ የሚዞር ኮምፕሬሰር ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ደጋግማችሁ በእጅ አዙሩት፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት እንዳለ ከተነሳ ቫልቩን ይሰብራል።

ያልተለወጠ ቱቦ ወይም ኢቫፖሬተር ካለ ከኤክስፓንሽን ቫልቩ በፊት ባለው ቱቦ ላይ ማጣሪያ፣ በኮምፕሬሰሩ መሳቢያ በኩል ደግሞ ወንፊት አስገባለሁ። የተረፈ ፍርፋሪ ቢኖር አዲሱን ዕቃ ሳያገኝ እዚያ ይያዛል። ድራየሩ ግን የመጨረሻው ነው። ክዳኑ የሚከፈተው ሌላው ሁሉ ተገጥሞ የቫኪዩም ፓምፑ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ነው።

ቫኪዩምና ጋዝ

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ በናይትሮጅን ፈትሹ፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ እዩ፣ ከዚያ ልቀቁት።

በዚህ ጥገና ላይ እንደ ቫኪዩሙ የምጨነቅለት ሥራ የለም። 25 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ እንዲፈላ ግፊቱ ከ3.2 ኪሎ ፓስካል በታች መውረድ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም ፈሳሹ ውሃ ቦታውን አይለቅም። ተራው ጌጅ ይህን በትክክል አያሳይም፤ የማይክሮን ጌጅ (በጣም ዝቅተኛ ግፊት የሚለካ) ያስፈልጋል። ወደ 500 ማይክሮን (0.07 ኪሎ ፓስካል ገደማ) አወርደዋለሁ፣ ደረቅ ናይትሮጅን አስገብቼ ቫኪዩሙን እሰብረዋለሁ፣ እንደገና አወርደዋለሁ፤ ይህን ሦስት ጊዜ አደርጋለሁ። በመጨረሻ ቫልቩን ዘግቼ ፓምፑን አቆማለሁ። ጌጁ ትንሽ ወጥቶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል፣ ፓምፑ ይቀጥል። ሳያቋርጥ ከወጣ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወደ አረፋው ተመለሱ።

ጋዙ የሚገባው በሚዛን ነው። መጠኑ ኮፈኑ ሥር ተጽፏል። በጌጅ እየገመቱ መሙላት ለዛሬ መኪናዎች አይሆንም፤ 500 ግራም በሚይዝ ኤሲ ላይ 50 ግራም ልዩነት በግልጽ ይታወቃል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፈሳሹን በከፍተኛው በኩል ማስገባት ይቻላል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን በዝቅተኛው በኩል፣ በጋዝ መልክ ብቻ። የሚፈለገው ልክ የሆነ የመመርመሪያ ቀለም ቢገባ አይጎዳም። ከዚያ ውጭ «ይጠቅማል» ተብሎ የሚጨመር ምንም ነገር የለም።

መጀመሪያ በሚኒሞ አሠሩት፣ ኮምፕሬሰሩን አዳምጡ፤ ከዚያ ወደ 1,500 ዙር አንሱት። በ30 ዲግሪ ቀን አር-134ኤ ላይ ዝቅተኛው ከ2 እስከ 3 ባር፣ ከፍተኛው ከ12 እስከ 17 ባር አካባቢ ቢሆን ይጠበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የአምራቹን ሰንጠረዥ እዩ። ቀጭኑን ቱቦ እንደገና ከዳር እስከ ዳር ዳስሱት፤ እኩል ሊሞቅ ይገባል።

ኮፈኑ ሥር ወረቀት ለጥፉ፦ ሲላንት እንደነበረበት፣ ምን ምን እንደተለወጠ፣ ኢቫፖሬተሩ ታጥቦ ወይም ተለውጦ እንደሆነ፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን፣ የጋዙ ክብደት። ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ ማን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ማሽኑን ያድንበታል።

ማጣሪያ የገባለትን መኪና ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ መልሼ እጠራዋለሁ። የማጣሪያውን መግቢያና መውጫ በቴርሞሜትር እለካለሁ። እኩል ከሆኑ ይቀጥላል። መውጫው ከቀዘቀዘ የቀረ ነገር እየያዘ ነው፤ ጋዙ በቀይ ቴፑ ቱቦ ይወጣል፣ ማጣሪያው ይለወጣል፣ መኪናው በድጋሚ ቫኪዩም ይደረጋል። ኢቫፖሬተሩ ታጥቦ ብቻ የቀረ ከሆነና ማጣሪያው ለሁለተኛ ጊዜ ከተደፈነ ሌላ ማጣሪያ አልገጥምም፤ ዳሽቦርዱ ይወርዳል፣ ኢቫፖሬተሩ ይለወጣል።